ሰባት ቁጥር

አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ሻርጃ፣ ሰናይያ፣
ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ፣
አንድ ሜዳ አለን፤
ጎሉ የቀለም በርሜል፣ መስመሩ የኖራ ብናኝ፣
ዳኛው ሱዳናዊ ዘበኛ፣ የእጅ ሰዓቱ የቆመ፣
ጨዋታው የሚያልቀው እሱን ውሃ ሲጠማው ነው።

ቡድናችን «ቦርከና» ይባላል።
ወንዙን በዓይኑ ያየ አራት ሰው ቢኖር ነው፤
የቀረው ከጅማ ነው፣ ከስልጤ ነው፣ ከአሳይታ ነው፤
አርብ ሲሆን ግን ሁሉም ከዚያው ውሃ የጠጣ ነው።

እኔ ተኳሽ ነኝ፤
በጠመንጃ እንዳይመስልህ፣ በካውያ፤
ስድስት ቀን የሰው ጀለቢያ፣
ሐሙስ ማታ፣ ባለሱቁ ሲተኛ፣ የቦርከናን ማልያ፤
ከሁሉ አስቀድሜ ሰባት ቁጥርን፣
የሲራጅን።

እኛን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጠን አሸዋ
ለሲራጅ እግር መንገድ ነበር።
በግራው ዋሽቶ፣ በቀኙ ወጥቶ፣
ሁለት ተከላካይ እርስ በርስ አጋጭቶ፣
ሲያገባ አይጮህም፣ አይዘልም፤
ወደ እኛ ዞሮ ጫማውን ያራግፋል፣
ቤቱ ደጃፍ እንደ ደረሰ ሰው።
አንድ ረመዳን፣ ሦስት አግብቶ መግሪብ ሲባል፣
ተምሩን በእጄ ያጎረስኩት እኔ ነኝ።
ይህን ማንም በምንም ዋጋ አይገዛውም።

ሙቀቱ ሲሰበር ሰው መጣ ከራስ አል ኸይማ፤
የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፣ ቡድን አለው አሉ፤
ሜዳው ሣር፣ ማታው መብራት፣
በወር ስምንት መቶ ዲርሃም ጭማሪ፣
መስኮት ባለው ክፍል አራት ሆኖ መተኛት።
እኛ በአንድ ክፍል አሥራ አንድ ነን፤
ሙሉ ቡድን፣ ተቀያሪ የሌለው።
ሲራጅ ፍራሹን ለከድር ተወ፣
ለእኔ ያልታጠበ ማልያ።

ልሰድበው ደወልኩ። አነሳ።
«ሣሩ ያንሸራትታል» አለኝ፤
«ካገባሁ በኋላ የማራግፈው የለኝም።»
ሊያስቀኝ መሰለኝ። አልሳቅሁም።
ካርዴ አለቀ።

ሆዳም አልኩት ከዚያ፤ በሌለበት፣ ደጋግሜ፤
ከድር ሽንኩርት እየላጠ፣ ሰማኝ ሰማኝና፣
«አንተን እዚህ ያመጣህ ጠኔ ነው ወይስ ዝና?»

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ ጋሽ ይመር፣
በከሰል ካውያ ሙያውን ያስያዘኝ፣
«ዓይኔ ሲደክም ሱቁ ያንተ ነው» ያለኝ።
አንድ ሰኞ ቁልፉን ይዤ ሳልመጣ ቀረሁ።
በሩ ላይ ስንት ሰዓት ቆሞ ይሆን?
እኔንስ ምን ብሎኝ ይሆን?
ቁልፉ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ከረጢት ሱቃችን ገባ፤
ፋብሪካው ልብሱን ለእኛ መስጠት ጀምሯል፣ ርካሽ ስለሆንን።
ሃያ ሁለት ማልያ፣ ቢጫ፤
ከመሀሉ ሰባት ቁጥር፣
ሳላጥበው በላቡ አወቅሁት።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤
ስለ ካውያ የተናገረ የለም።
ከቁጥሩ በላይ፣ አንድ ጣት ከፍታ ላይ፣ ያዝኩት፤
እንፋሎቱ ፉጨት አለው።
አንዴ ማሳረፍ፣ እስከ አሥር መቁጠር ነበር።
ከዚያ እንደ ድሮው ገለበጥኩት፣
በውስጥ በኩል፣ ቁጥሩ እንዳይቀልጥ፣ ተኮስኩት።
ልብስ እንዳይጠፋ ምልክት በምንጽፍበት ቀለም
ከአንገቱ ስር፣ ከስፌቱ ጥግ፣
«ቦርከና» ብዬ ጻፍኩ፣ በጉንዳን ፊደል።
ይየው አይየው አላውቅም።

አርብ ደግሞ ወጣሁ።
ሰባት ቁጥርን የለበሰው ከድር ነበር፣
እስከ ጉልበቱ ወርዶለት።
አምስት ለባዶ።
ዳኛውን ውሃ ጠማው።