ከሥራ በፊት የሚሞላ ቅጽ

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው፤
ሳስካቱን ስደርስ ግን ቅጠሉ ገጽ ነው፤
አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ፣ በሳጥን የታጠረ፣
እጄ ጠርሙስ ሳይነካ እጄን የመረመረ።

«የኬሚካሉ ስም?» ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ።
«ለምን ተፈለገ?» ዐለቱ ዕድሜውን እንዲናዘዝ በግድ።
«መጠኑስ?» ሦስት የሾርባ ማንኪያ።
«ማስቀመጫው?» ፕላስቲክ፣ የታች መደርደሪያ፤
ብርጭቆማ አይችለውም፣ ብርጭቆ ይበላል፤
ሲያዩት ግን የዋህ ነው፣ ውኃ ይመስላል።

«ምን ጉዳት ያደርሳል? በዝርዝር ግለጽ»
ይላል ቀጥሎ ያለው፣ አራተኛው ገጽ።
ጻፍኩ፦ እሳት አይደለም፣ ወዲያው አያስጮኽም፤
ቀጠን ያለው ሲያርፍ ቆዳ እንኳን አያውቅም፤
እንደ ጨዋ እንግዳ ጫማውን አውልቆ
ሥጋን ያልፈውና ከአጥንት ደጃፍ ዘልቆ
ካልሲየም ይለምናል። ሰውየው ምሳ በልቶ፣ ቀልዶ፣ ስቆ፣
ማታ ነው የሚጮኸው፣ ዘግይቶ አውቆ።

ይህን ስጽፍ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤
ሞትን በጥሩ ሰዋስው መዘርዘር
ጀግና ያስመስላል።
ከዚያ ስድስተኛው ገጽ፦ «ማን ማን ይጋለጣል?»
«እኔ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ማን ይመጣል?

ዶሪን ክላሰን ናት የደኅንነት ሹም፣
ቢሮዋ ምድር ቤት፣ መስኮት እንኳ የለውም፤
ቅጼን መለሰችው፣ በአረንጓዴ እርሳስ
አንዲት መስመር ጽፋ፣ ከ«እኔ ብቻ» ራስ፦
«ቅርጫቱን ማን ይደፋል?»

ሁለት ቀን ተቆጣሁ። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
ወንዙ እንፋሎት ይተፋል፣ ጠፍቷል የድልድዩ መንገድ፤
ጥርሴን ነክሼ «ሴትዮዋ ሥራ ፈት ናት» አልኩ፤
በሦስተኛው ሌሊት ግን፣ ላረጋግጥ ብዬ፣ ጠበቅኩ።

ሊነጋጋ ሲል ጋሪ መጣ፣ አንድ ጎማው እየጮኸ፤
ከኋላው አጭር ሰው፣ ቢጫ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ያጠለቀ።
ቅርጫቱን አየ። ሞልቷል። ቦታ እንዲገኝ ብሎ
መዳፉን ከተተ፣ ወደ ታች ጫነው፣ ደፍጥጦ፣ ደልድሎ፤
ከላይ ያለው የኔ ጓንት ነው፣ ትናንት የጣልኩት።
ልቤ ቆመ።
ውኃ ነበር፣ ውኃ ብቻ የነካሁበት፣
ለልምምድ። ግን እሱ በምን ያውቃል?
ውኃና ያ ነገር በምን ይለያል?

ስሙን ጠየቅኩት። ሮዴል። ከኢሎኢሎ። ዘጠኝ ዓመት
ይህን ፎቅ ጠርጓል፣ አንብቦናል በጣልነው ወረቀት፤
«አንተን አውቅሃለሁ» አለኝ፣ «የብርቱካን ልጣጭ፣ ቢሮ ሁለት መቶ አራት።»
እኔስ? ኮቴው ሲያልፍ ሰምቼ አላውቅም፤
ጠዋት ባዶ ቅርጫት ሳይ ራሱን የደፋ ይመስለኝ ነበር፤
ወይም ምንም አይመስለኝም።

ስድስተኛውን ገጽ እንደገና ጻፍኩ፤
የአባቱን ስም ሳይቀር ሆሄውን ጠየቅኩ፤
ክዳን ያለው ባልዲ፣ ቀይ ምልክት፣ ለብቻው፣
ማንም እንዳይነካው፣ እኔው የምደፋው።
ዶሪን አነበበች። ፈገግ አላለችም።
ከመሳቢያ ሁለት ቱቦ ቅባት አወጣች፣ ካልሲየም ያለበት፤
«አንዱ ከማጠቢያው አጠገብ» አለች፣ «አንዱ ከጋሪው።» ፈረመችበት።

ዐለቱ እስከ ዛሬ አልተናዘዘም፤
አንዴ ዋሸ፣ ሁለቴ ፈሰሰ፣ ፕሮፌሰሩም አልተደነቀም።
ሮዴል አዲስ ጓንት ተሰጥቶታል፣ ጥቁር፣ ወፍራም፤
ትናንት ጋሪውን አቁሞ የጣቶቹን ጫፍ አጥፎ አሳየኝ፦
«ጥሩ ነው። ሰፋኝ እንጂ።»
ቅጹን መልሼ ከፈትኩ፤ ዘጠነኛው ገጽ ላይ
ያለፍኩት ሳጥን ነበር፣ በቅጡ ሳላይ፦
«የጓንት ልክ?»
«መካከለኛ» ብዬ የጻፍኩትን አጠፋሁ፤
ሮዴልን ጠርቼ መዳፉን በመዳፌ ላይ ለካሁ።