መስኮቱ ላይ ሳለ

በሐምሌ ሊማ ላይ ዝናብ የሚሉት የለም፤
ጭጋግ ነው የሚወርድ፣ ሰማዩ አመድ ቀለም።
ከኮረብታው አናት ሦስት መቶ ደረጃ
በጨለማ ወርጄ፣ ስፌት ቤት መሄጃ
አሮጌ ሚኒባስ አለች፣ በሯ በገመድ የታሰረ፤
ረዳቱ ዊልበር ነው፣ ጺሙ ገና ያልጀመረ።

ስንሳፈር ሃያ ሁለት፣ ወንበሩ አሥራ አራት፤
ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ እንደ ስለት፣
«ዝጋው ልጄ!» ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልኩት።
ዘጋው። ሞቀን። መረቅነው በአንድ አንደበት።

ሳንቲም ሲመልስልን ጥንቃቄያችን ለጉድ፦
ዶሮ ሻጩ ሰውዬ በሁለት ጣት ሲወስድ፣
ተማሪዋ በአልኮል መዳፏን ስታብስ፣
እኔም በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ስመልስ።
ሳንቲሙ ከደማችን ንጹሕ ነበር ለካ፤
እሱ እጅ አይጨብጥም፣ ቆዳ ላይ አይነካ፤
ትንፋሽ ነው ፈረሱ፤
ስንስቅ፣ ስንጣራ፣ ስንስል ተነሥቶ
ከአየሩ ይሰፍራል፤
ባለቤቱ ይወርዳል፤ አይወርድም እሱ።

ዊልበር የፌርማታ ስም ጠርቶ ሲደክመው፣
በሩን ተደግፎ መስታወቱን አየው።
ያ መስታወት ላይ ያለው ጉም የማን ነበር?
የሃያ ሁለት ሰው ትንፋሽ፣ የተደባለቀ ያለ ድንበር፤
የዶሮ ሻጩ፣ የተማሪዋ፣ የኔ፣ የሹፌሩ የኡባልዶ።
በሁላችን ትንፋሽ ላይ፣ በጠቋሚ ጣቱ
ዓሣ ሳለ።
ከዚያ ዘወር ብሎ፣ ክርኑን ሳያነሣ፣
ሳለ።
ጣቱ ሳለ፣ ደረቱ ሳለ፤
እኛም እዚያው ነበርን፤ ግን ማን ልብ አለ?

መስከረም ላይ ጠፋ። ሌላ ልጅ በሩን ያዘ።
«የት ሄደ?» ያለ የለም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ተጓዘ።

እኔ በጥቅምት ወር፣ መኪናው ላይ ጎንበስ ስል፣
ሌሊት ሌሊት ላብ፣ ቀን ቀን የማይለቅ ሳል፤
የሰው ልብስ ሳጠብ ኖሬ የራሴን አጠበብኩት፤
«ከጨርቁ ብናኝ ነው» እያልኩ ሦስት ወር ደበቅኩት።

ነርስ ሶይላ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
«ከማን ጋር ትኖሪያለሽ?» አለችኝ በእርጋታ።
«ከልጄ ከአንቶኔላ።» ጻፈች።
«የስፌት ቤት ሴቶች፣ ዘጠኝ።» ጻፈች።
«ሌላስ?»
ሌላማ…
ዶሮ ሻጩን በዶሮው፣ ተማሪዋን በቦርሳዋ
እንጂ በስም አላውቅም፤ መስመር የለውም መዝገቧ
ጎን ለጎን ለተነፈሰ።
«ዊልበር የሚባል ልጅ» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ።
ምንም አላለችኝም፤ ግንባሯ ግን ጠቆመ።

«ከእሱ ነው የያዘኝ?»
«ማን ያውቃል?» አለችኝ፣ «አሥር ዓመት ይተኛል፤
ሰውነት ሲደክም፣ ያኔ ብድግ ይላል።»

ማን ያውቃል።
እናቴ ትስል ነበር፣ ልጅ ሆኜ፣ በአንድ ብርድ ልብስ።
ታዲያ ያለ ሂሳብ ያሳፈርኩት፣
ከኔ ወደ ዊልበር፣ እኔው ብሆንስ?
«ዝጋው ልጄ» ስለው
ከቃሉ ጋር አብሮ የወጣ ቢሆንስ?

ስድስት ወር ኪኒን፣ ሶይላ ቆማ እያየች፤
ሽንቴ ብርቱካን ሲመስል ልጄ ደንግጣ አለቀሰች።
ዊልበር ስለ መዳኑ የሰማሁት የለኝም፤
ጠይቄያለሁ፤
አልተነገረኝም።

ሐምሌ ተመለሰ፣ ጭጋጉም፣ ሚኒባሷም ከነገመዷ።
ተሳፈርኩ። መስኮቱን ከፈትኩት።
«ኧረ ዝጊው!» አለች ከኋላዬ አንዲት እናት፣
ሕፃን ያቀፈች፤ ብርዱ የገባት።
ልክ ናት። የአንገት ልብሴን ፈትቼ ሰጠኋት፤
መስኮቱን ግን አልዘጋሁላት።
አጉረመረሙ። አንዱ እብድ አለኝ። ዝም አልኩ።
መስታወቱ ጠራ፤ ውጭው ያው አመድ ቀለም፤
ጣቴን አነሣሁ፣ ዓሣውን ላስታውስ፤
የሚሳልበት የለም።