ብርድ ልብስ ያለበስነው ክፍል

ጠባሴ ጥግ ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣
ገብስ ይከመርባት ነበር ድሮ ድሮ።
አሁን ከላይ እስከ ታች በብርድ ልብስ ተለብጣለች፤
ፋብሪካው «ጉድለት አለበት» ብሎ በርካሽ የጣለው፣
የአንዱ ጥለት ተዛንፏል፣ አንዱ ዳር ዳሩን የተተለተለ ነው።
ሠላሳ ሁለት ቆጠርን።
ድምፅ እንዳይወጣ፣ ብርድም እንዳይገባ።

ብርዱ ግን ገባ።
ሐምሌ ሳያንኳኳ ሌሊቱን ይመጣል፣
የላቀውን ጊታር ክር አክርሮት ያድራል፤
ጠዋት ጠዋት፣ ከምንም በፊት፣
ጣታችንን በትንፋሽ አሙቀን
ፍለጋ ነው፣ የትናንቱን ቅኝት።

የመጀመሪያው አልበም ቀላል ነበር።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ጊታር፣ እሱም በውሰት፣
በሬሳ ድልድይ ላይ የቆመች አንዲት ሴት፣
ሦስት ኮርድ፣ ሦስት ደቂቃ፣ እንደ ክብሪት ቦግ የሚል አዝማች።
ከተማው አፉን ሞልቶ «ነይ» አላት፤
እሷ ግን አልመጣች።
ሸዋ ሮቢት አግብታ፣ ሙቀቱን ለምዳ፣ ቀረች።

ለሁለተኛው ማን ይጠራ?
ወንድይፍራው ደብተር ገልጦ እስክሪብቶውን ያኝካል።
«ስለ ምን ልዝፈን? ልጅቷ ወልዳለች፣ እኔም ፈረቃ ገብቻለሁ፤
ማታ ማታ ማሽን ሥር ቁጭ ብዬ
የተበጠሰ ክር እቀጥላለሁ።»
«እሱኑ ጻፈዋ!» አለው ማንያዘዋል፣ ድራሙን በሹራብ እያፈነ፤
ሰባተኛው ዘፈን እንዲያ ሆነ።

እኔ ቤዝ ነኝ። ሰው ልብ የማይለኝ፤
ቆም ስል ግን ዘፈኑ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብልብኝ።
ስለዚህ ጥግ ሆኜ ሁሉን አየሁ፦

ስሟ ደብረ ብርሃን ነው፤ መብራት ግን እንግዳዋ ነው።
ሰባተኛውን ስንቀዳ፣ አዝማቹ ሁለተኛ ዙር ሲነሣ፣
ተነሥቶ ሄደ እንግዳው።
የላቀው ጊታር የዝንብ ያህል ጮኸ።
ማንያዘዋል በጨለማው መታ፣ መታ፤
ወንድይፍራው ያለ ማይክ፣ በባዶ ጉሮሮው፣
ለብርድ ልብሶቹ ዘፈነላቸው፤
ጠጡት። አንድም ቃል አልመለሱ።

እንደገና ሞከርነው። ስድስት ጊዜ። እንቢ አለ።
እንደተበጠሰ ይውጣ ተባለ።
የቀረውን የምናውቀው እኛ አራታችን ብቻ ነን፣
ሠላሳ ሁለቱም።

በጥቅምት አዳራሹ ሞላ።
አዲሱን ስንጀምር፣ «የድሮውን!» አለ አንዱ ከኋላ፤
ከዚያ ሁሉም።
ተጫወትነው። ድልድዩን፣ ልጅቷን፣ «ነይ» የሚለውን።
አዳራሹ ይሞቃል፣ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፤
በረደን።

በኅዳር ክፍሏን ለቀቅን፤ የኪራይ ነገር።
ብርድ ልብሱን ተካፈልን፣ ስምንት ስምንት።
የኔዎቹ እስካሁን የገብስ አቧራ፣ የአምፕሊፋየር ሽታ አላቸው።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
በፋብሪካው በር ሳልፍ፣ ዘበኛው ጋሽ ደምሰው
ጋቢ ተከናንበው ያንጎራጉራሉ። ጆሮዬን ጣልሁ።
ሰባተኛው ነው።
ዜማውን ትንሽ አጣመውታል፤
የተበጠሰው ጋ ሲደርሱ ግን አልቆሙም፤
ከየት እንዳመጡት የማላውቀውን፣ የራሳቸውን ቃል አስገብተው
ቀጠሉት።