አፍንጫዋን ብቻ

ስለ ነፍሷ ሦስት ገጽ፣ ስለ እንባዋ አራት፣
ስለ አጎቷ ዕዳ፣ ስለ ክረምት መብራት፣
ሁሉን ጽፎት ሄዷል ሩሲያዊው ሰውዬ፤
አፍንጫዋን ብቻ... ምን ነካው ጌታዬ!

አንጉሌም ላይ ዝናብ፤ ሻራንት ወንዝ ሞልቷል፤
ሶላንዥ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ቀለም ተደፍቷል።
ዘጠኝ መቶ ገጹን በመቶ ልትከተው
ተዋውላ ነበር፤ ቅድሚያውንም በላችው።
አሳታሚው ደውሎ፣ «መስፍኑን ቁረጪው፣
ጫካውንም ተዪው፣ ጸሎቱን አሳጥሪው።»

በረዶውስ ቀላል። አትስለውም እሱን፤
ወረቀቱን ትተዋለች ባዶውን፣ ነጩን።
ቀለም ያልነካው ሁሉ ሩሲያ ይሆናል።
ፊት ግን እንዲህ አይገኝም፤ ፊት አጥንት ይፈልጋል።

እናም በየማለዳው ዳቦ ቤት ወረፋ ቆማ
ከሻጯ ከኦርታንስ ትሰርቃለች በዝግታ፤
ሰኞ ቅንድቧን፣
ማክሰኞ ዱቄት የነካው የጆሮዋን ጫፍ፣
ሐሙስ፣ ሳንቲም ስትቆጥር፣ ያን ጎበጥ ያለ አፍንጫ
ከዳቦው ጋር አቅፋ ወደ ቤት በሩጫ።

ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። መጽሐፉ ሲወጣ
አንዱን አበረከተችላት፤ ጠበቀች ቁጣ።
ኦርታንስ ግን ራሷን እዚያ ውስጥ አላየችም።
የገዛ ፊቱን ማን ያውቃል?
መስታወት ግራውን ቀኝ ያደርጋል።
ዳቦውን በወረቀት ጠቀለለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤
«ያቺን ልጅ» አለች፣ «በረዶ ላይ ትተሻት!
አንድ ካፖርት እንኳ ብትስዪላት ምን ነበር?»

ሶላንዥ «ደራሲው ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤
መልሷን ተቀብላ ዝም ብላ ወጣች።
ውጭ ይዘንባል። የካፖርቷን ቁልፍ ሳትቆልፍ ሄደች።