የማቅለሚያው ክፍል

ደሴ ዛሬም ጦሳን ለጉም አውሳ አርፍዳ ተነሣች፤
በላቦራቶሪው መስኮት ላይ ትንፋሿን ትጽፋለች።
መብራት ሁለቴ ሄዶ፣ ሁለቴ መጣ፤
ከሰሙ ጡብ፣ ከምላጩ አፍ፣
ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አንድ ቅዳጅ ሥጋ ወጣ።

ወረቀቱ ይላል፦ «ሙሐባ እንድሪስ። ሠላሳ ዘጠኝ። ግራ ጡት።
አድራሻ፣ ኮምቦልቻ።
ሥራ፣ ጨርቃ ጨርቅ፤ ማቅለሚያ ክፍል።»
የማውቃት ይህን ብቻ።
አይ፣ ጥፍሯንም አውቀዋለሁ፤
ሰኞ ደረሰኙን በመስኮት ስታቀብለኝ አይቻለሁ፦
ሰማያዊ፤ ስንት ዓመት ታጥቦ ያልለቀቀ።

ክር ስትነክር የኖረች ሴት
ዛሬ በእኔ እጅ ትነከራለች።

ሰሙ በሙቀት ቀለጠ፤ ወርቁ ግን ገና ነው፤
ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን የመጣች
አንዲት ጠብታ ናት የምትፈታው።

ሆርሞን የሚሉት መንገደኛ አለ፣ በደም ጎዳና የሚነዳ፣
ከሕዋሱ ደጅ ደርሶ የሚጣራ፦ «ቤት ለእንግዳ!»
ተቀባይ ፕሮቲን ያለው ሕዋስ ይከፍታል፤
በእንግዳው ስንቅ ይወፍራል፣ ይባዛል።
ደጅ የሌለውም አለ፤
ማንንም ሳይጠብቅ በገዛ እሳቱ የሚነድ።
የእሱ መድኃኒት ሌላ ነው፤ መንገዱም የሐረጎ ዳገት።

እኔ እዚህ ደጅ ቆጣሪ ነኝ።
ወሎ እንግዳ ይወዳል ይባል የለ?
ይሁን፣ ዕጢዋም ወሎዬ ይሁን፤
ተቀባይ አያሳጣት ብዬ ለመንሁ፣
ከበሽታ ደግነትን!

ደጅ ካለ ታሞክሲፈን አለ፤ ነጭ፣ ትንሽ ክኒን፤
ቀድሞ ይገባና መደቡ ላይ ይንጋለላል፤
አይበላ፣ አይጠጣ፣ አይነሣ።
እንግዳው ሲመጣ «ሞልቷል» ይባላል።

ዐይኔን ከማይክሮስኮፑ አገናኘሁ።
ሰማያዊ። እንደ ጥፍሯ።
ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ፤
ልቤ ሐረጎን ቁልቁል ወረደ።
ብርሃኑን ጨመርሁ፤ ብርጭቆውን ወደ ግራ ገፋሁት።
ኧኸ!
ቡናማ። አንድ። ሦስት።
ከዚያ ሜዳው በሙሉ፣
እንደ ነሐሴ ቦርከና።

ዳነች አልልም። ማን ነኝና?
«ከመቶ ሰማንያ፤ ፖዘቲቭ» ብዬ ፈረምሁ።
በሩ ላይ ስደርስ ግን ተመለስሁ፦
ይህቺን ቃል ሰው በክፉ ነው የሚያውቃት።
ዶክተር ንጋቷ ቀድማ እንድታስረዳት
ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጨመርሁ፦
«ይህኛው ደግ ነው በያት።»