የምስር ክክ ብሎኖች

ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ ሱቄ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ማዶ፣
አቧራ የማይለቃት፣ ቆርቆሮዋ በፀሐይ ነዶ።
ፎቶ አለ ከግድግዳዬ፦ አባቴ ከጥቁሩ ባቡር ሥር ቆሞ፣
ጥላሸት ፊቱን ውጦት፣ ከእንፋሎቱ ጋር ታርቆ ከርሞ።

ይህን ፎቶ እያየች ያደገች የጎረቤት ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣
ሲምቦ፣ አንድ ማታ መጣች፤ ብብቷ ሥር ቱቦ፣ ክንዷን የሚያክል።
«ጋሽ ዘርጋው፣ ሮኬት ነው» ብላ ከጠረጴዛዬ አቆመች፤
«እንደ አባትህ ባቡር አስጊጥልኝ» አለች።

የኔ ባቡር ጭሱ ነው ሽቅብ፣ እሱ የሚሄድ ወደ ድሬ፤
ራሱ ሽቅብ የሚወጣ አላየሁም እስከ ዛሬ።

ናስ አወጣሁ፣ መዳብ አወጣሁ፣ የሞቱ ሰዓቶች ጥርስ፣
ሲጠይቁኝ የማልሸጠው፣ ሲለምኑኝ የማልለግስ።
እሷ ግን ሚዛን አመጣች ከእናቷ የቅመም ሱቅ፤
«ናስ ይከብዳል፣ ጋሽ ዘርጋው። ከበደ ማለት መውደቅ።»
«ታዲያ ባቡር ያለ ብሎን?»
                    ከኪሷ አንድ ጭብጥ የምስር ክክ
አውጥታ በኮላ ለጠፈች፣ ተራ በተራ፣ ልክ በልክ፤
የወርቅ ቀለም ሲነካው ማን ይለዋል የወጥ እህል?
የመርከብ ጎን መሰለ፣ ሺ ቶን ጭነት የሚችል።

ጭስ መውጫው የእስክሪብቶ ቀፎ፤ መስኮቱ የብልቃጥ ክዳን፤
መዘውሮቹ የጫማ ካርቶን፣ ጥርሳቸውን ስንቀድ ያሳወሩን።
ክንፎቹን ዝገት ቀባናቸው። አዲሱን ለማስረጀት
እንዲህ ስንደክም አምሽተን፣ የራሴን እርጅና ረሳሁት።
ሞተሩን ለገለታ ተውነው፣ ለዩኒቨርሲቲው መምህር፤
እሳት ለሚያውቀው ይሰጣል፤ የኔ ዕውቀት ጥርስ መቁጠር።

በክር አንጠልጥላ አዞረችው፣ ከራሷ በላይ፤
አፍንጫው ከቀደመ፣ አለች፣ ይሄዳል ወደ ሰማይ።
ቀደመ።

ያን ሌሊት ግን፣ እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ፣
አንዲት እውነተኛ መዘውር ለጠፍኩ፣ ከኪስ ሰዓት፣ ከአባቴ፤
በግራው ክንፍ ሥር፣ ከምስሮቹ መሃል ደብቄ፣
ውሸት ብቻ ለብሶ እንዳይሄድ። ክብደቷንም አውቄ።

አዳማ ንፋሷ ሳይነሳ በከድር ጋሪ ወጣን፤
ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ተርባይኖች ሲያዛጉ ደረስን።
የታጨደ ማሳ። ገለባ። ገለታ ሁላችንንም አራቀ፤
ከድር ልጓሙን ያዘ፣ «ርችት ነው?» ብሎ ጠየቀ።
ሲምቦ ወደ ኋላ ቆጠረች፦ ሻን፣ አፉር፣ ሰዲ፣ ለማ፤
«ቶኮ» ስትል ግን ማን ሰማ።

የከድር ፈረስ ደንብሮ ወደ ወንጂ መንገድ ገሰገሰ፤
ከድር ሲከተል፣ ሲራገም፣ ነጠላ ጫማው ተበጠሰ።
እኔ ላይ ላይ። መጀመሪያ ቀጥ አለ፤ ከዚያ አባቴ ሳበው፣
ወደ ግራ፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ፣ ሰማዩን እየጠመዘዘው።
ሲምቦ አየችኝ። ምንም አላለች። ልጅ ያውቃል፣ ዝም ሲል።
ጭሱ ብቻ ቆየ ላይ፣ የሐኪም ጽሑፍ ሲመስል።

ቀዩ ፌስታል፣ ጃንጥላው፣ ተከፈተ። ንፋሱም ያኔ ነቃ፤
ሁለት ማሳ፣ አንድ ቦይ አሻግሮ ከሰው ግቢ አወረደው፣ በቃ።

ስንደርስ ዶሮዎች ከበውታል፤ ብሎኖቹን ይለቅማሉ፣
አንዱን ጎን ራቁት አስቀርተው ወደ ሌላው ያዘግማሉ።
እመቤቲቱ መጥረጊያ ይዛ፦ «ምንድን ነው ይሄ ጣጣ?»
«ባቡር ነው» አለች ሲምቦ።
                    «እንዴት አድርጎ ከላይ መጣ?»
አንዷ ገብስማ ዶሮ፣ ምንቃሯ ወርቅ ተቀብቶ፣
ቀና ብላ አየችን፤ ያልተከፈለው ዕዳ እንዳለው ሰው፣ ኮርታ፣ አንገቷ ተዘርግቶ።

መዘውሯ የለችም። ገለባ ገለጥን፣ አጣን።
ፈረሱ ተገኘ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ከተማ ገባን።

የአባቴ ሰዓት ቆሟል፤ ሆዱ ተከፍቶ፣ አንድ ዕቃው ጎድሎ።
ደንበኛ «አይጠገንም?» ሲለኝ መልሱ ይመጣብኛል ቶሎ፦
«ዕቃው ውጭ ነው።»

ሲምቦ ሁለተኛውን ጀምራለች። ትናንት ከጣሳዬ ትንሿን
የናስ ጥርስ አነሳች፤ መዘነች፤ ዝም አለች፤
ለቀኙም ጎን ፈለገች፣ እኩያዋን።