የገንዳው ሒሳብ

ሃያ ሁለት ቤት ነን፣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፤
አንድ ገንዳ፣ አንድ ሞተር፣ የምንጋራ አንድ በር።
እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ የተመረጥሁ በእጅ፣
ስብሰባው ረዝሞ ሁሉም ሲያምረው ደጅ፤
«መምህር ነበሩ፣ ሒሳብ ያውቃሉ» ብለው
ደብተር አሸክመውኝ ወጡ ተከታትለው።

አርባ ዓመት ሙሉ ክፍልፋይ አስተማርሁ፣
አንድ ዳቦ ለአራት በጠመኔ ቆረስሁ፤
ለሃያ ሁለት ሰው አንድ ገንዳ መክፈል
አልነበረም ለካ በየትኛውም ክፍል።

ወይዘሮ አመተማርያም፣ ባለ አንድ መኝታ፣
«እኔ አንዲት ነፍስ» አሉ፣ «አንዲት ሻወር፣ ማታ፤
ባለ ፎቁ ጎረቤት በስድስት ቧንቧ ሲያፈስ
እኩል ክፈይ ሲሉኝ ሆዴ እንዴት አይብስ?»

ባለ ፎቁ ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣
«የምመጣው በዓመት ለፋሲካ ብቻ ነው፤
ያልዋኘሁበትን፣ ያላበራሁትን
በምን ሕግ ልክፈል፣ እኔ የሌለሁበትን?»

ዶክተር ሰሎሜ ናት ጥጉ የደረሳት፣
መስኮቷን ስትከፍት ጭስ የሚቀበላት፤
«ሐይቁን እናንተ አያችሁ፣ እኔ ሞተር ሰማሁ፤
ለጆሮዬ ካሣ ከማን እቀበላለሁ?»

ቁጥር አሥራ አንድማ፣ የአቶ ግዛው ግቢ፣
አርብ አርብ ይከራያል፣ ለሰርግ፣ ለአጃቢ፤
ሠላሳ እንግዳ ገንዳው ውስጥ ሲንቦጫረቅ
የእሳቸው መዋጮ ሰባት ወር ሙሉ ደረቅ።
ብጠይቃቸው ሣቁ፤ «መብራቱ ሲጠፋ
ሞተሩ ዘግይቷል፣ እንግዳዬ ከፋ፤
ካሣ ሳትከፍሉኝ እኔ ነኝ ባለ ዕዳ?»
ይህን አሉኝና ዘለው ገቡ ገንዳ።

በሻማ ብርሃን ደብተሩን ገልጬ፣
በካሬ፣ በነፍስ ወከፍ፣ በእኩል ቆራርጬ፣
በየትኛው ባሰላው አንድ ቀሪ ይተርፋል፤
ቀሪው ደግሞ ዘወትር ስም አለው፣ ይጮኻል።

ነሐሴ ጨለማው ዝናብ ሲያወርድብን
አንድ ሰኞ ነጋና ዱካሞ ቀረብን።
ሞተር ቀስቃሽ እሱ፣ ጦጣም አባራሪ፣
የገንዳውን ቅጠል በወንፊት አጣሪ፤
የሦስት ወር ደሞዙ በእኛ ክርክር ታስሮ
ቁልፉን በሩ ላይ ሰቅሎት ሄደ፣ አምርሮ።

በዐሥረኛው ቀን ገንዳው ጎመን መሰለ፤
እንቁራሪት ሁሉ «ቤቴ ነው» አለ።
አባ ኮዳ መጥቶ ከአሞራ ገደል
ከዳሩ ላይ ቆመ፣ ሊቀመንበር ይመስል፤
አንዲት ብር ሳይከፍል፣ ስብሰባም ሳይጠራ
ከእኛ ገንዳ ጠጣ፣ ከሚስቱ ጋራ።

ሄድሁ ፈልጌው፣ ታቦር ተራራ ሥር፤
መረብ ይጠግናል ከወንድሙ ጋር።
ደሞዙን ሰጠሁት፣ ከኪሴ አውጥቼ፤
ትንሽም ኮራሁኝ፣ ደረቴን ነፍቼ።
እሱም ካንድ ፌስታል አወጣና ደብተር
«ይጠቅምዎት ይሆናል» አለኝ፣ ያለ ነገር።

በእርሳስ የተጻፈ፣ ነጠብጣብ በሙሉ፤
ቤት በየቤታችን፣ ስንት ጊዜ እንደዋሉ።
ሻምበል፣ አንድ ነጥብ፤ ያችው ፋሲካቸው።
ግዛው፣ ሁለት ገጽ፣ አልበቃ ብሏቸው።
ወይዘሮ አመተማርያም፣ ግማሽ ግማሽ ነጥብ፤
«እግር ብቻ ነከሩ»። ይሄ ነው ሒሳብ!

ገለጥሁ ቁጥር ሰባትን፣ የራሴን፣ መጨረሻ፤
ገጹ ሁሉ ጉንዳን፣ የለውም መሸሻ።
የልጅ ልጆች አምስት፣ ክረምት በጋ ሳይሉ፣
«የገንዘብ ያዡ ናቸው፣ ይግቡ» እየተባሉ።
እኔ ግን በደብተሬ፣ በዚያ በንጹሁ፣
«ነዋሪ፦ ሁለት ሰው» ብዬ ነው የሞላሁ።

ቅዳሜ ስብሰባ ነው፤ ደብተሩ ብብቴ ሥር።
ከአሥራ አንድ ልጀምር? ከሰባት ልጀምር?
ዱካሞ ሞተሩን ሲቀሰቅስ ይሰማል፤
ገንዳው አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩ ግን ጠርቷል።
አባ ኮዳ አልሄደም፣ አንገቱን ሰብቆ፤
ትንሹ የልጅ ልጄ፣ ፎጣውን ታጥቆ፣
እጄን ይጎትታል፦
«አባባ፣ መቼ ነው የሚጠራው?»